የጠላነው ማስታወቂያ ለምን ይናፍቀናል?

ሰው ጉድ ነው። ማስታወቂያ እንዳያቋርጠው ለዩቲዩብ በየወሩ ይከፍላል። ማታ ላይ ደግሞ ሶፋው ላይ ጋደም ይልና እዚያው ዩቲዩብ ላይ የዛሬ አርባ ዓመት የተላለፈ የኮርንፍሌክስ ማስታወቂያ ፈልጎ ያያል። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን። በገንዘቡ ያባረረውን እንግዳ በጓሮ በር ያስገባል።

አብዛኞቹ እንደ ፊልም ሲታዩ ይህን ያህል አይደሉም። ምስላቸው ደብዛዛ ነው። ድምፃቸው ይሻክራል። የሚሉትም ያው "ግዙ" ነው። ግን ውስጣቸው አንድ ነብር አለ። ወይ አንድ ጥንቸል። ወይ ጺሙን የሚያሽሞነሙን ሰውዬ። ሰው የሚፈልገው እነሱን ነው፤ ሲያገኛቸውም ፊቱ ይፈካል። ታዲያ ከእናታችን ቦርሳ ብር ለማስወጣት ተብሎ የተሣለ እንስሳ እንዴት ብሎ ወዳጃችን ሆነ?

የዚህ ነገር ወሬ ሲነሳ ሁሉም ቶሎ አሜሪካ ይሄዳል። እኔ ከጣሊያን ብጀምር ይሻላል። ሕዝብ ማስታወቂያ ለማየት ብሎ ሰዓት ጠብቆ የሚቀመጥበት አገር ነበርና። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ራይ መደበኛ ሥርጭት የጀመረው በ1954 ነው። ማስታወቂያ ግን ወዲያው አልገባም። ሲገባም በብዙ ቅድመ ሁኔታ ነው የገባው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1957 "ካሮሴሎ" የሚባል ዝግጅት ተጀመረ። ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ያልቃል። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ጥቂት አጫጭር ፊልሞች ይታያሉ። እያንዳንዷ ፊልም ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በለጥ ትላለች።

ደንቡ ነው አስገራሚው። ፊልሙ መጀመሪያ ተመልካቹን ማዝናናት አለበት። ቀልድ ይሁን፣ ዘፈን ይሁን፣ የወንጀል ምርመራ ይሁን፣ የፈለገው ይሁን። ታሪኩ እስኪያልቅ ድረስ ግን የሚሸጠው ዕቃ አይነሳም። የሳሙናው ወይም የብስኩቱ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለዚያውም በግማሽ ደቂቃ ገደማ። በዚያ ላይ አንዴ የታየ ፊልም ተመልሶ አይታይም። ድርጅቱ በሚቀጥለው ተራው አዲስ ታሪክ ይዞ መምጣት ነበረበት።

እስቲ በድርጅቱ ጫማ ሆናችሁ አስቡት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለ ዕቃህ ሳታወራ ሰውን ታዝናናለህ። ያዘጋጀኸው ፊልም ነገ አይደገምም። ታዲያ ሰውየው የማን ማስታወቂያ እንደሆነ በምን ያስታውሰው? አንዱ መንገድ ትልልቅ ሰዎችን መቅጠር ነበር። የጣሊያን ቀልድ ንጉሥ ቶቶ ሠርቷል። ኋላ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ዳሪዮ ፎም ሠርቷል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ታሪኩ ቢለዋወጥም የማይለዋወጥ አንድ ገፀ ባህሪ መያዝ ነው። በየጊዜው ይመለሳል፣ ያው ልብስ፣ ያው ድምፅ፣ ያው መዝጊያ ቃል። የካርቱን ገፀ ባህሪ ለዚህ ተፈጥሯል ማለት ይቻላል። የጣሊያን ማስታወቂያ እንስሳትና ትንንሽ ሰዎች እንዲህ የበዙት የሠዓሊዎቹ ልብ ስለፈቀደ ብቻ ሳይሆን ደንቡ ስላስገደደ ጭምር ነው።

ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ።

ከሁሉ ቡና የሚሸተው ሞካ የተባለውን፣ ምድጃ ላይ የሚጣድ የቡና ማፍያ የሚሠራው የቢያሌቲ ድርጅት ሰውዬ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጺሙ ትልቅ፣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ፣ ቡና የሚያዝ የሚመስል። የሣለው ፖል ካምፓኒ ይባላል። የሰውየው አባባል "ቀላል ይመስላል!" የምትል ነበረች፤ ጥሩ ቡና ማፍላት ቀላል ይመስላል ለማለት ነው። ጀበና ጥዳ የምታውቅ ማንም እናት የምትስማማበት ሐሳብ ነው። ሞካውን በ1933 የሠራው አልፎንሶ ቢያሌቲ ነው። በየቤቱ ያስገባው ግን ልጁ ሬናቶ ነው፤ ያስገባውም በዚሁ ጺማም ሰውዬ ነው። ሬናቶ በ2016፣ በ93 ዓመቱ ሲሞት አስከሬኑ ተቃጠለና አመዱ ትልቅ ሞካ ውስጥ ተደረገ። ቄሱ የፍትሐት ጸሎት ያደረሱት ጺማሙ ሰውዬ ባለበት ሞካ ፊት ነው። ማስታወቂያ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ሁለተኛው ከአንድ መስመር የተሠራ ሰው ነው። ስሙም ያው "ላ ሊኔያ"፣ መስመሩ። ኦስቫልዶ ካቫንዶሊ በ1969 ላጎስቲና ለሚባል የድስት ፋብሪካ ፈጠረው። ሰውየው በአግድም መስመር ላይ ይራመዳል፤ እሱም የመስመሩ አካል ነው። በድንገት መስመሩ ይቋረጥበታል። ይናደዳል፣ ይጮኻል፣ ወደ ሠዓሊው ዞሮ ይሳደባል። ከዚያ እውነተኛ እጅ እርሳስ ይዞ ይገባና የጎደለውን ይሥልለታል። የሚናገረው ቋንቋ የለም፤ ካርሎ ቦኖሚ የሚባል ሰው ያለ ቃል እየተነጫነጨ ነው ድምፁን የሚሰጠው። ቃል ስለሌለው ትርጉም አላስፈለገውም። ስለዚህ ድስቱን ትቶ ብዙ አገር ዞረ። ዛሬ ከጣሊያን ውጭ የሚያውቀው ሰው መነሻው የድስት ማስታወቂያ መሆኑን ብዙውን ጊዜ አያውቅም።

ሦስተኛው ካሊሜሮ ነው። እሱ ጋ ትንሽ መቆየት አለብን።

ካሊሜሮ ትንሽ ጥቁር ጫጩት ነው። የፈለፈለውን የእንቁላል ቅርፊት ግማሹን እንደ ባርኔጣ ደፍቶታል። ኒኖና ቶኒ ፓጎት የሚባሉ ወንድማማቾች በ1963 የሠሩት ሚራ ላንዛ ለሚባል የዱቄት ሳሙና ድርጅት ነው። ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ካሊሜሮ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጠቁሯል። እናቱ አላወቀችውም። የሆነ ነገር ይፈጠርና ጥፋቱ እሱ ላይ ይላከካል። ትከሻውን ይጥልና "ይሄ ግን ግፍ ነው!" ይላል። ትንሽ፣ ብቸኛ፣ ያላጠፋው ተጭኖበት። በየቤቱ ያለ ታናሽ ልጅ በሙሉ ራሱን አየበት። ጣሊያን ውስጥ ዛሬም "ካሊሜሮ አትሁን" ቢባል ሁሉም ይገባዋል፤ ሁልጊዜ ተበደልኩ እያልክ አታልቅስ ማለት ነው።

መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ነው። የሳሙናው ምልክት የሆነች የሆላንድ ልጅ ትመጣለች። "አንተ ጥቁር አይደለህም፤ ቆሽሸህ ነው እንጂ" ትለዋለች። በሳሙናው ታጥበዋለች። ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ይህን ሮም ወይም ሚላን ለተወለደ የሐበሻ ልጅ አስረዳ ብትሉኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። በዚያ ዘመን ግን የካሮሴሎ ተመልካች ልብሱ ነጭ እንዲሆንለት የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሌላውን አላየም ወይም ማየት አልፈለገም። ዛሬ ስለ ካሊሜሮ በናፍቆት የሚያወራ ጣሊያናዊም ባርኔጣውንና "ይሄ ግን ግፍ ነው"ን ያነሳል። እጥበቱን ይዘለዋል። ውሸት መናገሩ አይደለም። ትዝታ ጠባዩ ይሄ ነው፤ የጣፈጠውን ያስቀራል፣ የጎረበጠውን ይጥላል።

ካሮሴሎ ሲያልቅ ልጆች ይተኛሉ። "ከካሮሴሎ በኋላ ወደ አልጋ" የሚባል የቤት ሕግ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከመተኛቱ በፊት የመጨረሻ የሚያየው ነገር እነዚህን ነው። እራት ተበልቷል። አባት ቤት ነው። ቻናል መምረጥ ብሎ ነገር ብዙም የለም፤ ሁሉም የተሰበሰበው አንድ ሳጥን ፊት ነው። የእኛም ቤት ይሄን ያውቀዋል። አባባ ተስፋዬን የጠበቀ ልጅ ብቻውን አልጠበቀም፤ አንዳንዴ የጎረቤቱ ልጆችም እዚያው ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ያለው አንድ ቤት ነውና። አባባ ተስፋዬ ግን ተረት ነገሩን እንጂ ሳሙና አልሸጡልንም። በኋላ የመጣችው ቀጭኔዋ ጸሐይም ፊደልና ንጽህና ነበር ሥራዋ። የእኛ አገር ልጅ የሚናፍቀው የቴሌቪዥን እንስሳ ካለ ምናልባት ምንም ያልሸጠለት ነው። በዚህ እድለኞች ነን ልበል?

ውጭ ያደጉት የሐበሻ ልጆች ጉዳይ ግን ይለያል። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሎስ አንጀለስ ያደገ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆቹ ሥራ ሲሄዱ የሚቀመጠው ከአሜሪካ ካርቱን ጋር ነው። በካርቱኖቹ መሃል ደግሞ ሌሎች ካርቱኖች አሉ፤ ዕቃ የሚሸጡ። ጨጨብሳ ወይም ፍርፍር ቀርቦለት "ሲሪያል ካልተገዛልኝ" ብሎ ያለቀሰ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሕጋዊ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተላለፈው ጁላይ 1 ቀን 1941 ነው። ቡሎቫ የሚባል የእጅ ሰዓት ነበር፤ ከቤዝቦል ጨዋታ በፊት፣ አሥር ሰከንድ ያህል። ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆችም ከፊቱ ተደረደሩ። የቁርስ እህል (ሲሪያል) ፋብሪካዎች ይህን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1952 ኬሎግስ በስኳር ለተለበጠ ኮርንፍሌክሱ መልክ ፈለገ። ነብሩ ቶኒ እና ካንጋሮዋ ኬቲ ካርቶን ላይ ወጡ። ነብሩ ያለበት ካርቶን በለጠ። ካንጋሮዋ ተሰናበተች። የነብሩን ጎርናና ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሰጠው አንድ ሰው ነው፤ ተርል ሬቨንስክሮፍት ይባላል። አያትም የልጅ ልጅም ያንኑ "ግሬ-ት!" ሰሙ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ምርቱ ድሮ ስሙ ውስጥ "ስኳር" የሚል ቃል ነበረበት። በሰማንያዎቹ ቃሉ ወጣ። ስኳሩ አልወጣም።

ለድርጅት የተሣለ እንስሳ ከሰው ተዋናይ የሚሻልበት ምክንያት ብዙ ነው። አያረጅም። ደመወዝ ጨምሩልኝ አይልም። ሰክሮ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ተፎካካሪ ድርጅት ሊያስኮበልለው አይችልም፤ በሕግ የተመዘገበ ንብረት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ ያምነዋል። ትልቅ ሰው "ይሄን ብላ" ሲለው የሚጠራጠር ልጅ ነብር ሲለው ይበላል።

ልጅን ወደ ታሪኩ የማስገባት ጥበባቸውም ቀላል አልነበረም። ትሪክስ የሚባለው የቁርስ እህል ከ1959 ጀምሮ አንድ ጥንቸል ነበረው። ጥንቸሉ ትሪክስ መብላት ይፈልጋል፤ ልጆች "ሞኝ ጥንቸል፣ ትሪክስ የልጆች ነው!" እያሉ ይነጥቁታል። በ1976 ድርጅቱ ልጆቹን ድምፅ አስሰጠ። ጥንቸሉ ይብላ ወይስ አይብላ? ልጆቹ እጅግ በሰፋ ልዩነት "ይብላ" አሉ። በላም። ከዚያ ማስታወቂያው እንደገና ወደ መንጠቁ ተመለሰ። ድምፅ የሰጠው ልጅ ግን ለጥንቸሉ የፈረደለት እሱ ነው። አሁን ሃምሳ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ያንን ጥንቸል እንዴት ይርሳው?

እሺ፣ አእምሯችን ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ድግግሞሽ አለ። ሮበርት ዛዮንስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 ባወጣው ሥራ ለሰዎች ትርጉም የሌላቸው ቃላትና የማያውቋቸው ምልክቶችን አሳየ። አንዳንዶቹን ደጋግሞ፣ አንዳንዶቹን አንዴ። ሰዎቹ ደጋግመው ያዩትን ይበልጥ ወደዱ። ምን እንደሆነ ሳያውቁት። መላመድ ብቻውን መውደድን ያመጣል ማለት ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ በጣት በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ላይ ለወራት ይመላለስ ነበር፤ መዝለያ ቁልፍ የለም፤ መቀየሪያውም አባት ጋ ነው። ልጁ ሳይፈልግ ተላመደ። ቃሉ በዜማ ከተሰፋ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። የሒሳብ ቀመር የረሳ ሰው የሳሙና ዜማ ያስታውሳል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ የሚሠራው ሊያግባባቸው መሆኑን የመረዳት አቅም የላቸውም ብሏል። ለአምስት ዓመት ልጅ ነብሩ ቶኒ ሻጭ አይደለም። ነብር ነው። ተጠራጥሮ የሚያየው ነገር የለም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በዚያ በር የገባ ነገር ደግሞ በኋላ ሲፈተሽ አይገኝም። ከቤተሰብ ትዝታ ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧልና።

ሥዕሉ ጣዕም ሳይቀር ይቀይራል። በ2010 የታተመ አንድ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ አርባ ልጆችን ቀምሰው እንዲፈርዱ አደረገ። ሁለት ማሸጊያ ይቀርባል። ውስጡ ያለው ያው ብስኩት ነው። አንዱ ላይ ዶራ ወይም ሽሬክ ወይም ስኩቢ ዱ ተለጥፏል፤ ሌላው ላይ ምንም የለም። ልጆቹ ሥዕል ያለበት ይጣፍጣል አሉ። ካሮት ላይ ሲሞከር ግን ሥዕሉ ብዙም አልሠራም። ወላጆች በዚህ የሚጽናኑ ከሆነ እንጃ፤ እኔ በተቃራኒው ነው የከፋኝ።

በ2014 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ፤ ይሄኛው ትልልቅ ሰዎችን የሚመለከት ነው። በልጅነታቸው የአንድን የቁርስ እህል ገፀ ባህሪ የወደዱ ሰዎች አድገውም ያንን እህል ከሌላው የተሻለ ጤናማ አድርገው ገመቱት። ነገሩ የስኳር መጠን የሚነበብበት ጉዳይ ነው፤ ሰውየውም ማንበብ ይችላል። ግን ነብሩን ይወደዋል። ለነብሩ ያለው ፍቅር ፍርዱ ውስጥ ሳይታወቀው ይገባል። ናፍቆት እንዲያው የጨዋታ ነገር ሆኖ አይቀርም የምለው ለዚህ ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ እጃችንን ይመራል።

ትዝታ ራሱ ደግሞ ታማኝ ምስክር አይደለም። በ2002 የታተመ ሙከራ ላይ ተመራማሪዎች የዲዝኒላንድ የሐሰት ማስታወቂያ ሠሩ። ማስታወቂያው ውስጥ ጥንቸሉ በግስ በኒ አለ። በግስ በኒ ዲዝኒላንድ ሊገኝ አይችልም፤ የዋርነር ብራዘርስ ንብረት ነው። ማስታወቂያውን ካዩት ሰዎች ከመቶ 16ቱ ግን በልጅነታቸው ዲዝኒላንድ ሄደው በግስ በኒን እንዳገኙት "አስታወሱ"። ስለዚህ አንድ ሰው "እኛ ልጅ ሳለን ማስታወቂያ እንኳ ጨዋ ነበር" ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ከ1960 ጀምሮ የተላለፈው ፍሊንትስቶኖች የሚባል የአሜሪካ ካርቱን መጀመሪያ ላይ ስፖንሰሩ ዊንስተን ሲጋራ ነበር። ገፀ ባህሪዎቹ ፍሬድና ባርኒ ሚስቶቻቸው ሲሠሩ ከጓሮ ቁጭ ብለው ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ በካርቱን።

ሲጋራ አሜሪካ ውስጥ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣው በ1971 መጀመሪያ ላይ ነው። ካርቱኑ ግን ከሲጋራ ጋር አልተፋታም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጆ ካሜል መጣ፤ መነጽር ያደረገ፣ ሲጋራ የነከሰ፣ ቄንጠኛ ግመል። ቴሌቪዥን ላይ አልነበረም፤ መጽሔትና ቢልቦርድ ላይ ነው። በ1991 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ 229 ልጆችን ምልክቶችን ከዕቃቸው ጋር እንዲያዛምዱ አደረገ። ከስድስት ዓመቶቹ መካከል ከመቶ 91 የሚሆኑት ግመሉን ከሲጋራ ጋር አዛመዱት። ሚኪ ማውስን ከዲዝኒ ቻናል ጋር ካዛመዱት ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ማለት ነው። ጫጫታው በረታና ድርጅቱ በ1997 ግመሉን አሰናበተ። በቀጣዩ ዓመት የተፈረመው ትልቁ የሲጋራ ስምምነት ካርቱንን ከሲጋራ ማስታወቂያ ጨርሶ ከለከለ። ዛሬ ግመሉን የሚናፍቅ ትልቅ ሰው አለ። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው፤ ግመሉም የሠራውን ሠርቷል።

ሕጎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያነጣጠረ የንግድ ማስታወቂያ አትፈቅድም። ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ላሉት በቴሌቪዥን ከልክላለች። ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛባቸው ምግቦች ማሸጊያ ላይ ካርቱን እንዳይኖር ደንግጋለች፤ ነብሩ ቶኒ እዚያ ካርቶን ላይ የለም። ኢትዮጵያም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥታለች። የቢራ ማስታወቂያ ዜማ ዛሬ ሲያንጎራጉሩ ብትሰሙ የሚገርም ነገር የለውም። ሥራው ያው ነው።

ወደ ናፍቆቱ ልመለስ። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የስዊዝ ሐኪም ናፍቆትን እንደ በሽታ ነበር የጻፈው፤ አገራቸውን ርቀው የሄዱ ሰዎችን የሚያከሳ። አሁን ያሉት ተመራማሪዎች፣ በተለይ የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ በተቃራኒው ነው የሚሉት። ሰው ብቸኝነት ሲሰማው ወይ ሲከፋው ናፍቆት ይመጣል፤ ሲሄድም ሰውየውን ትንሽ ሞቅ አድርጎት ነው። ናፍቆት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው አለ። እናት፣ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ። የማስታወቂያው ነብር ያንን ስብስብ የሚጠራ ደወል ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ገበያውም ይህን ያውቃል። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ሰዎች ናፍቆት ውስጥ ሲገቡ ገንዘብን ጨብጦ የመያዝ ፍላጎታቸው እንደሚላላ አሳይቷል። ለዕቃ የበለጠ ለመክፈል ፈቃደኛ ይሆናሉ። ድርጅቶች የድሮ ካርቶናቸውን "እንደ ድሮው" እያሉ በድጋሚ የሚያትሙት፣ ጡረታ የወጣ ገፀ ባህሪ ቲሸርት ላይ የሚመልሱት ለዚህ ነው። በልጅነትህ ስኳሩን ሸጡልህ፤ በጉልምስናህ ልጅነትህን መልሰው ይሸጡልሃል። ጎበዝ ነጋዴ አንድ ዕቃ ሁለቴ ይሸጣል።

የዛሬ ልጆችስ? አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን ሰዓት በ2014 ተዘጋ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ በየስልኩ የየራሱን ማስታወቂያ ነው የሚያየው፤ ወንድሙ የሚያየው ሌላ ነው። አምስት ሰከንድ ጠብቆ ይዘለዋል። ድርጅቱም እንደ ድሮው አንድ ነብር ለሃምሳ ዓመት አይዝም። በዚህ ሒሳብ እነሱ የሚናፍቁት ማስታወቂያ ሳይሆን የሚወዱት ዩቲዩበር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሻጭ መሆኑን ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይለይም።

ካሮሴሎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1977 የመጨረሻውን አስተላለፈ። ረዥም ነው፣ ውድ ነው፣ ድርጅቶች አጭርና ተደጋጋሚ ማስታወቂያ ፈለጉ። ያቺ የመጨረሻዋ ማታ ላይ የቀረበችው ዘፋኟ ራፋኤላ ካራ ናት፤ የምትሸጠውም ብራንዲ። ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ራይ በናፍቆት ላይ ተማምኖ ካሮሴሎን በአዲስ ስም መለሰው። ረዘም ያሉ ማስታወቂያዎች፣ የታወቀችው ሙዚቃ፣ ከዜና በኋላ ያለው ሰዓት፣ ሁሉም ተሟላ። እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ሪሞቱ በየሰዉ እጅ ነው። ልጆቹም ሌላ ክፍል ናቸው፤ ቶሎ የሚተኛ የለም።